የክብሪት ቀፎ

ዓለም ከተማ ላይ፣ ከጤና ጣቢያው ጓሮ፣
አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፤
እኔ ነኝ ያለሁባት፣
ሰው ስሙን ሳይነግረኝ ሆዱን የማነብባት።
መብራት ሲጠፋብኝ (ብዙ ቀን ይጠፋል)
የማይክሮስኮፔ መስተዋት ከመስኮት ፀሐይ ይጠልፋል።

የካቲት አጋማሽ፣ ሰው ገበያ ሲወጣ፣
ማሙሸት የሚባል፣ ከጀማ በረሃ፣ ዳገቱን ቆርጦ መጣ።
ኮቱ ትከሻው ላይ የሌላ ሰው መስሏል፣
ቀበቶው በሚስማር አዲስ ቀዳዳ ተበስቷል።
"እበላለሁ" አለኝ፣ "የሁለት ሰው ያህል፤
የበላሁት እንጃ፣ ወዴት እንደሚውል።"
ከኪሱ አወጣልኝ፣ በጨርቅ የጠቀለላት፣
አንዲት የክብሪት ቀፎ፣ እንደ ደብዳቤ ያሸጋት።
አንገቱን ደፋ።
ስንቱን ቀፎ አይቻለሁ! ሰው እሳቱን ጨርሶ
በእሳቱ ማደሪያ ይልክልኛል፣ ከሆዱ ቆርሶ።

"ጥሬ ሥጋ ትወዳለህ?" "የማይወድ ማን አለ?
ግን ከመስቀል ወዲህ..." ብሎ ተንጠለጠለ።
"በነቢያት ጾም ነው። ድልድዩን ሊሠሩ
ከዝዋይ የመጡ ልጆች ወንዙ ዳር ሰፈሩ።
አንዱ መረብ ስቦ፣ ዓሣው ነፍሱ ሳይወጣ፣
ቆዳውን ገፈፈ፣ ካልሲ እንደሚያወልቅ፤ ሚጥሚጣውን አመጣ፤
ሎሚ ጨመቀበት።
እኔ የሥጋ ሰው፣ ጾሙ የከበደኝ፣
'ዓሣ ምን አለበት?' አልኩና ቀረብኩኝ፤
'ኮሶ ከበሬ ነው፤ ይኼን ውኃ አጠበው።'
የመጀመሪያው ቁራጭ ምላሴን አቀዘቀዘው፤
ሁለተኛው ጣመኝ፤
ሦስተኛውን እንጃ፤ እጄ ነው የቀደመኝ።"

ከቀፎዋ ቆንጥሬ፣ በጨው ውኃ በጥብጬ፣
ጠብታዋን በብርጭቆ ላይ አስቀምጬ፣
አንድ ዐይኔን ጨፈንኩ።
እዚያ ነበረች። ከጤፍ ቅንጣት እጅግ ያነሰች፣
በአንድ ጫፏ ክዳን ያላት፣ እንደ ማሰሮ የታተመች።
አጠገቧ ሌላ። አጠገቧ ሌላ።
የማሙሸት ማዕድ፣ የእንግዳው ተድላ።

"ላሳይህ?" አልኩና ወንበሬን ለቀቅኩለት፤
ጎንበስ አለ። ቆየ። ትንፋሹ ተቋረጠበት።
"ምን ይባላል?" አለኝ።
"ኮሶ ነው። የዓሣ።"
"ኮሶማ አውቃለሁ! አባዬ በሁለት ወር አንዴ
ጓሮ ተደብቆ ይጠጣው ነበር፣ በባዶ ሆዱ፣ በማለዳ፤
'አትዩኝ' ይለን ነበር፣ 'ሰው ሲመረው ይታያል እንዴ?'"

ያን ቀን ነው የገባኝ የዚህ ቋንቋ ጉዱ፣
ለትሉም ለዛፉም አንድ ስም መውለዱ፤
በሽታው ያው ኮሶ፣ ማሻሪያው ያው ኮሶ፣
አንዱ ሌላውን ሊነቅል፣ ያንኑ ስም ለብሶ።

ከመድኃኒት ቤቱ ክኒን ሰጡት፤ ነጭ፣ ጣዕም አልባ፤
አላመነውም። ወደ ክፍሌ ተመልሶ ገባ።
"ልጄ፣ የሚመር የለም? ይኼ ምኑ ያሽራል?
ያልመረረው ሰው እንዴት ይማራል?"
ስቄ ሸኘሁት።

ፋሲካ ነው ዛሬ። ወንድሜ ቤት ነን። ሥጋው ተንጠልጥሏል፤
ቢላዋው ከእጅ ወደ እጅ በሳቅ መሀል ይዞራል።
ከሻኛው ቆርጦ ሰጠኝ። በሚጥሚጣው ነከርኩ።
ዐይኔ ያየውን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤
እንቁላሉን፣ ክዳኑን፣ የማሙሸትን ቀበቶ፣
የአባቱን ጀርባ፣ በጓሮ፣ ለምሬት ተደፍቶ።
"ምነው?" አለኝ ወንድሜ፣ "በጾሙ ረሳሽው?"
እጄ መንገድ ላይ ነው።
ዕውቀቴ ያው ያ ክኒን፤ ነጭ፣ ልሙጥ፣ ቀላል፤
ምነው በመረረኝ!
አፌ ግን ይከፈታል።